ከጠቡ ማግስት

  የዛሬው የሕግ ዝግጅታችን ስለ አካል ጉዳት ክስ ነው። በዚህ ክስ ተይዞ ጠበቃ የሚያስፈልገው ሰው ጠበቃውን ከየትና መቼ እንደሚፈልግም እንነጋገራለን።

ርዕሱን የመረጥነው ወቅቱን አይተን ነው። ሰሊጥ ደርሷል። ሰሊጥ ቀን እንደማይሰጥ የቆላ ሰው ያውቃል፤ ፍሬው ከተሰነጠቀ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ወጣቱ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ይወርዳል። የማይተዋወቅ ሰው በአንድ ዳስ ተፋፍጎ ያድራል። ሙቀቱ አለ፣ ወባው አለ፣ ድካሙ አለ። የሒሳብ ክርክር አለ። ማታ አረቄ ይኖራል። ማጭድና ገጀራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእጅ አይለዩም። ጠብ እንዲህ ባለ ቦታ ቢነሣ አይገርምም። ጠቡ ሲነሣ ሁሉም ያየዋል። ማግስቱን በፖሊስ ጣቢያ የሚሆነውን የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ የተያዘውን ሰው ቀጣይ ዓመታት የሚወስነውም ይኸው የማግስቱ ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። የምነግራችሁ በአንድ ሰው ላይ የደረሰ ታሪክ አይደለም፤ ነገሩን ለማስረዳት ያቀናበርኩት ነው። ሁለት የቀን ሠራተኞች በነዶ ቆጠራ ተጣሉ እንበል። አንደኛው ማጭዱን እንደያዘ ወደ ሁለተኛው ተጠጋ። ሁለተኛው ዱላውን አንሥቶ ራሱን መታው። ተመቺው ወደቀ፣ ደም ፈሰሰ፣ ጓደኞቹ በባጃጅ ጭነው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ለፖሊስ ደወለ። ዱላ የሰነዘረው ልጅ ያን ሌሊት ጣቢያ አደረ።

ይህ ልጅ የሚከሰሰው በምንድን ነው? አብዛኛው ሰው "ሰው በመምታት ነዋ!" ብሎ ይመልሳል። ሕጉ ግን መምታትን አንድ ወንጀል ብቻ አያደርገውም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ አንዱን ዱላ ቢያንስ በአራት ደረጃ ሊያየው ይችላል።

ዝቅተኛው የእጅ እልፊት ይባላል፤ አንቀጽ 560 ነው። ሰው ተመቶ የአካል ወይም የጤና ጉዳት ካልደረሰበት ነገሩ እዚህ ይወድቃል። ሰንበር፣ እብጠት፣ ቶሎ የሚያልፍ ሕመም በዚህ ሕግ ፊት እንደ አካል ጉዳት አይቆጠርም። ቅጣቱ መቀጮ ነው፤ ከባድ ሲሆን እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ይደርሳል። ክሱ የሚንቀሳቀሰውም ተመቺው ራሱ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው።

ከዚህ ከፍ የሚለው ቀላል የአካል ጉዳት ነው፤ አንቀጽ 556። መነሻው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ ይህም በተጎጂው አቤቱታ የሚቀርብ ነው። ለቆላው ሰው ትልቁ ነገር ግን የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ጉዳቱ የደረሰው በመሣሪያ ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ዕቃ ከሆነ ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ይሆናል። ያን ጊዜ ተጎጂው "ትቼዋለሁ" ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። ተጎጂው ደካማ፣ ሕመምተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ከሆነም እንዲሁ ነው። ማጭድም፣ ዱላም፣ የውሃ ጄሪካንም እንደ አጠቃቀሙ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ዕቃ ነው። በእርሻ ካምፕ ባዶ እጁን የሚጣላ ሰው ስንት ነው? ስለዚህ በእኛ አካባቢ "ቀላል ነው፣ በሽማግሌ ያልቃል" የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ አንቀጽ 555። ሕይወትን ለአደጋ ያጋለጠ፣ የሰውነትን ዋና ክፍል ያጎደለ ወይም ከአገልግሎት ውጭ ያደረገ፣ መልክን በሚታይና በሚከፋ ሁኔታ ያበላሸ ጉዳት እዚህ ይገባል። ቅጣቱ እንደ ሁኔታው ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ከ1 ዓመት እስከ 15 ዓመት! በአንድ አንቀጽ ውስጥ ያለውን ርቀት ልብ በሉ። በዚህ ርቀት መካከል ተከሳሹ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ማስረጃውና ክርክሩ ነው።

አራተኛው የግድያ ሙከራ ነው። ተመቺው ባይሞትም ዐቃቤ ሕግ "የሰነዘረው ለመግደል አስቦ ነው" ብሎ ካመነ አንቀጽ 27ንና አንቀጽ 540ን ጠቅሶ ይከሳል። አንቀጽ 540 የተራ ሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የግድያ ሙከራን ከከባድ የአካል ጉዳት የሚለየው የቁስሉ መጠን አይደለም፤ ሐሳቡ ነው። ሐሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ፍርድ ቤት ዙሪያውን ያያል፦ በምን መታ? የት ላይ መታ? ስንት ጊዜ መታ? ሰውየው ከወደቀ በኋላ ደገመው ወይስ ተወው? ቀድሞ ዝቶበት ነበር? ከመታው በኋላስ ምን አለ?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የዛሬው ጨዋታችን ልብ ነው።

በእኛ አገር ፉከራ ከወንድነት ጋር ተያይዞ ያደገ ነገር ነው። ወጣቱ ደም ሞቆበት ጣቢያ ሲገባ ፈራ እንዳይባል ይደነፋል። "ባይይዙኝ ገድዬው ነበር" ይላል። መርማሪው ሲጠይቀውም ይደግመዋል። የልቡ ሐሳብ ያ ላይሆን ይችላል፤ ንዴት ነው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን የንዴት ድምፁ አይሰፍርም፤ ቃሉ ብቻ ይሰፍራል። ከወራት በኋላ ችሎት ሲነበብ ዐቃቤ ሕግ የመግደል ሐሳብ እንደነበር ለማሳየት የሚያነሣው ያንኑ ቃል ነው።

ሌላው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማሳጠር። ምሳሌያችን ውስጥ ያለው ልጅ ሲጠየቅ "አዎ፣ መትቼዋለሁ" ብሎ አሻራውን አኖረ እንበል። እውነት ነው፣ መትቶታል። ግን ተመቺው ማጭድ ይዞ እንደመጣበት አልተናገረም። ያች አንዲት የቀረች ዓረፍተ ነገር ሕጋዊ መከላከል የሚባለውን የአንቀጽ 78 መከራከሪያ የምትይዘው ነበረች። ሕጉ አንድ ሰው በሕገ ወጥ መንገድ ሊደርስበት የተቃረበን ጥቃት በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልቻለ፣ የወሰደው እርምጃም ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ከሆነ አይቀጣውም። ከልኩ ቢያልፍ እንኳ አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልለት ይፈቅዳል፤ ያለፈው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከሆነ ጨርሶ ላይቀጣውም ይችላል። ይህ ሁሉ በር አለ። ነገር ግን በመጀመሪያው ሌሊት ያልተናገረውን ከስድስት ወር በኋላ ሲናገር "አሁን የፈጠርከው ነው" መባሉ አይቀርም።

እንግዲህ በጣቢያ ምን ይባላል? በመጀመሪያ፣ ዝም ማለት ይቻላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የሰማውም አያምንም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅ፣ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ደንግጓል። ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 27 ይህንኑ ይላል። ዝም ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም። "ቃሌን የምሰጠው ከጠበቃ ጋር ተነጋግሬ ነው" ብሎ በትሕትና መናገር መርማሪን መናቅም አይደለም። መርማሪውም ሥራውን ይሠራል፤ የተያዘውም መብቱን ይጠይቃል።

ቃል ለመስጠት የወሰነ ሰው ሁሉንም በቅደም ተከተል ይናገር፦ ጠቡ እንዴት ተነሣ፣ ማን ቀደመ፣ በእጁ ምን ነበረ፣ ማን አየ። የተጻፈው ይነበብለት። ያላለው ነገር ተጽፎ ከሆነ "ይህን አላልኩም፣ ይስተካከል" ይበል። ያልተነበበለት ወረቀት ላይ አሻራ አያኑር። ማንበብ የማይችል ወንድማችሁ ሲያዝ ይህን ንገሩት።

ቋንቋም ትልቅ ነገር ነው። በመተማና በቋራ የሚኖሩ የጉሙዝ ወገኖቻችን አሉ። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ አረብኛ ብቻ የሚናገር ብዙ ሰው በጋላባት በኩል ተሻግሮ መጥቷል፤ በኩመር መጠለያም ኖሯል። የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። አንገት መነቅነቅ መልስ አይደለም። አስተርጓሚው የተመቺው ዘመድ ወይም የካቦው ወዳጅ ከሆነም ተከሳሹ ለዳኛው ሊያመለክት ይገባል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዝግጅታችን ተመልሰናል። ከሌሊቱ ቀጥሎ የሚመጣው የ48 ሰዓት ጉዳይ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በቋራ ጥግ ካለ እርሻ የተያዘ ሰው ገለጎ ፍርድ ቤት እስኪደርስ መንገዱ ራሱ ሰዓት ይፈጃል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው ይጨመርበታል። ይህ የመንገድ ጊዜ ግን ሳምንት ሊሆን አይችልም። ዳኛው ፊት ሲቀርብ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ የጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። ተያዡ በዚያ ቀን ዝም ብሎ አይቁም። ምርመራው ምን እንደቀረው መጠየቅ ይችላል፤ ዋስትናም መጠየቅ ይችላል።

ዋስትና ላይ ቆም እንበል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሆኖ፣ ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት ይችላል ተብሎ የሚሰጋ ከሆነ ዋስትና ይከለከላል። ስለዚህ የተመቺው ጤንነት ሁኔታ የመቺውን ነጻነት በቀጥታ ይነካል። ተመቺው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተልኮ ከሆነ፣ ድኖ ከወጣ፣ ሐኪሙ ከአደጋ ውጭ ነው ብሎ ከጻፈ ያ ወረቀት በችሎት ዋጋ አለው። እዚህ ላይ ጠበቃ ያለውና የሌለው ሰው በግልጽ ይለያያሉ። ጠበቃ የሌለው ሰው "ጌታዬ፣ ልቀቁኝ" ይላል። ጠበቃው ግን የሕክምና ማስረጃው እንዲቀርብ ይጠይቃል፤ ክሱ በየትኛው አንቀጽ ሊቀርብ እንደሚችል ይከራከራል፤ በአንቀጽ 67 መሠረት "ይጠፋል" ወይም "ምስክር ያባብላል" ለሚለው ሥጋት መልስ ይሰጣል።

"ይጠፋል" የሚለው ሥጋት በእኛ አካባቢ የቀን ሠራተኛውን ይበልጥ ያጠቃል። አድራሻው ዳስ ነው። ድንበሩ ቅርብ ነው። ቤተሰቡ ያለው ምናልባት ወሎ ወይም ጎጃም ነው። ዳኛው የት አገኘዋለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። መልሱ የቀበሌ መታወቂያ፣ የታወቀ ዋስ፣ የሚደወልለት ዘመድ ነው። ቤተሰብ ከሩቅ ተጉዞ ሲመጣ ሦስቱን ይዞ ይምጣ። ባዶ እጁን መጥቶ ደጅ ላይ ቢያለቅስ ዳኛው የሚወስንበት ነገር አያገኝም።

አሁን ወደ ጠበቃው እንሂድ። "ጠበቃ የሚያቆመው ጥፋተኛ ነው" የሚል አባባል ስንት ቤት አፍርሷል! ስሕተት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይናገራል። ያው አንቀጽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብትንም ይሰጠዋል። ለመክፈል አቅም አጥቶ በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ ደግሞ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ይህ ችሮታ አይደለም፤ መብት ነው። በመንግሥት ወጪ የሚቆመው ተከላካይ ጠበቃ ይባላል። የሚጠየቀውም ተከሳሹ ችሎት በቀረበበት ቀን ለዳኛው "ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም፣ የመንግሥት ጠበቃ ይቁምልኝ" በማለት ነው። መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቅ።

እውነቱን ለመናገር የተከላካይ ጠበቆች ቁጥር ከሥራው ጋር አይመጣጠንም። ብዙ ጊዜ ተከሳሹንና ጠበቃውን የሚያገናኛቸው የችሎቱ ቀን ነው። ስለዚህ ተከሳሹም ድርሻ አለው። ተከላካይ ጠበቃ ሲመደብለት ስሙን ይያዝ። ቤተሰቡ ቀድሞ ሄዶ የምስክሮችን ስም ይስጠው። ጠበቃው የሚሠራው ባገኘው ነገር ነው።

ሌላም በር አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ያግዛል። የትዳር ጓደኛን ወይም አብሮ የሚኖርን ሰው መምታት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በግልጽ የሚያስከስስ ነው። "የባልና ሚስት ጠብ ነው" ተብሎ ከጣቢያ የተመለሰች እህት ካለች ይህን አንቀጽ ትጥቀስ።

ከፍሎ ጠበቃ የሚያቆም ሰውስ? ገንዘቡን አደራ፣ ለማን እንደሚሰጥ ይወቅ። በፍርድ ቤት ደጃፍ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። ማመልከቻ የሚጽፉ አሉ፤ ሥራቸው የተከበረ ነው፣ ግን ጠበቃ አይደሉም፤ ችሎት ቆመው አይከራከሩም። የጥብቅና ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች አሉ። ከሁለቱ መካከል ደግሞ ደላላው አለ። ደላላው ዳኛውን አውቀዋለሁ ይላል፣ ዐቃቤ ሕጉ ዘመዴ ነው ይላል፣ "ይህን ያህል ስጠኝ፣ ነገ ይፈታል" ይላል። በበጋ ሰሊጡን የሸጠ አባት ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ይሸነፋል። አባቴ፣ ልብ ይበሉ፦ ነገ ይፈታል ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ጠበቃ አይደለም። ጠበቃ ውጤት አይሸጥም፤ ሥራውን ነው የሚሸጠው።

ስለዚህ ፈቃዱን ጠይቁ። "ፈቃድዎን ያሳዩኝ" ማለት ነውር አይደለም። ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ፦ ምን ያህል፣ በስንት ጊዜ፣ ለየትኛው ፍርድ ቤት። ይግባኝን ይጨምራል? ከገንዳ ውሃ ከተማ ውጭ መሄድ ካስፈለገ የመንገዱን ማን ይችላል? ደረሰኝ ተቀበሉ። ከዚህ ዓይነት ክርክር ጋር የሚተዋወቅ ጠበቃ ፈልጉ፤ የመሬትና የውርስ ጉዳይ ሲይዝ የኖረ ጠበቃ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ የአካል ጉዳት ክርክር ግን የሐኪም ማስረጃ ማንበብን ይጠይቃል። ሦስት ጓደኛሞች አብረው ከተከሰሱና አንዱ በሌላው ላይ የሚያላክክ ከሆነ አንድ ጠበቃ ለሦስቱም አይሆንም።

ጠበቃችሁን ካገኛችሁ በኋላ አትዋሹት። የነገራችሁትን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የሚጎዳችሁን እውነት ከዐቃቤ ሕጉ ምስክር አፍ ከሚሰማው ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል።

ጠበቃ ምን እንደሚለውጥ የሚያሳይ፣ በአሜሪካ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክላረንስ ጌዲዮን የሚባል ድሃ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር 1961 በፍሎሪዳ ግዛት አንድ የመዝናኛ ቤት ሰብረሃል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ ይቁምልኝ አለ፤ ሞት ለሚያስፈርድ ክስ እንጂ ለዚህ አይቆምም ተባለ። ራሱ ተከራከረ፤ 5 ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ አቤቱታ ጻፈና ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። በመጋቢት 1963 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ድሃ ተከሳሽ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ እንደገና ታየ። በዚህ ጊዜ ጠበቃ ነበረው። ጠበቃው የዐቃቤ ሕጉን ዋና ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ አፋጠጠው፤ ጌዲዮንም ነጻ ወጣ። ሰውየውም ክሱም አንድ ነበሩ። የተለወጠው ከጎኑ የቆመው ሰው ነው።

መስቀለኛ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። "ጠቡን ያየኸው ከስንት ሜትር ነው? ብርሃን ነበረ? ተመቺው እጁ ላይ ምን ነበር? አንተስ ማጭዱን አላየህም?" እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ምስክሩ የሚነግረው ግማሹን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ክሱ ሲነበብ ዳኛው "ድርጊቱን ፈጽመሃል? ታምናለህ?" ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ብዙ የዋህ ሰው ይሳሳታል። ከተለማመጥኩ ይቅር ይሉኛል ብሎ "አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ" ይላል። ክሱ ውስጥ ግን "ለመግደል አስቦ" የሚል ቃል ካለ ያመነው ያንንም ነው። መትቶ ከሆነ፣ ለመግደል ግን ካላሰበ መልሱ "መትቻለሁ፣ ለመግደል ግን አላሰብኩም" ነው። ሕጉ የእምነት ቃል የሚለው የክሱን ፍሬ ነገር ሁሉ ያለ ምንም ገደብ ማመንን ነው። ገደብ ያለው መልስ ሲሰጥ ፍርድ ቤቱ እንደካደ ቆጥሮ ማስረጃ ይሰማል።

ስለ ሽምግልና ደግሞ አንድ ነገር። ቆላ ውስጥ ደም እንዳይቃባ፣ ወገን ከወገን እንዳይፋጅ የሚያደርጉ ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። እርቁ ይሁን፤ ካሳውም ይከፈል። ግን ሽማግሌ የዐቃቤ ሕግን ክስ አይዘጋም። በአቤቱታ ብቻ በሚቀርቡት፣ ማለትም በእጅ እልፊትና በተራው ቀላል የአካል ጉዳት፣ ተጎጂው አቤቱታውን ቢተው ነገሩ ያልቃል። አቤቱታው በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበም መብቱ ይቀራል። በመሣሪያ ሲሆን፣ በከባድ ጉዳትና በግድያ ሙከራ ግን እርቁ የሚረዳው ቅጣት ለማቅለል ነው። የካሳ መክፈያው በጽሑፍ ይሁን፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፣ ለጠበቃው ይሰጠው። በአንቀጽ 82 መሠረት መጸጸትና ጉዳትን መካስ ቅጣት ያቀላል። "ታርቀናል" ብሎ ቀጠሮ ቀን መቅረት ግን መታሰርን ያመጣል።

ለተጎዳው ወገንም አንድ ቃል። የሐኪሙን ወረቀት አትጣሉ። ቁስሉ ሳይሽር ታከሙ፤ ጉዳቱ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የሕክምና ባለሙያን ነውና። ለሕክምና ያወጣችሁትን ደረሰኝ ያዙ፤ በዚያው የወንጀል መዝገብ ካሳ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ እሱም የቆላ ብቻ ችግር ነው። ኅዳር ሲገባ ሰሊጡ ያልቃል፤ ሠራተኛው ወደ አገሩ ይበተናል። የመከላከያ ምስክር ይቁጠር በሚባልበት ቀን ያ ማጭዱን ያየ ልጅ ደሴ ወይም ፍኖተ ሰላም ነው። ሙሉ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ "ቀዩ" ወይም "ወሎየው" ነበር የሚባለው። "ቀዩ ይጠራልኝ" ብሎ መጥሪያ ማውጣት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ መከላከሉን ማስረዳት የሚያቅተው ሰው ይኖራል።

ስለዚህ ዛሬ ለእርሻ ባለቤቶችና ለካቦዎች ልመና አለኝ። ደብተራችሁ ላይ ከነዶው ቆጠራ ጎን የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም እስከ አያት፣ የመጣበትን ወረዳና ቀበሌ፣ የአንድ ቤተሰቡን ስልክ ቁጥር ጻፉ። ሥራው ሲያልቅም ደብተሩን አትጣሉት።